ፎሊኩላይተስ ምንድን ነው? ፊታችንን ከተነቀልን በኋላ ስለሚወጣው ሽፍታ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የላይኛውን ከንፈሯንና አገጯን በክር ያስነቀለች ሴት ሰኞ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆም የሚጠብቃትን አውቀዋለሁ። ፀጉሩ በተነቀለበት ቦታ ላይ ብቻ፣ መጠናቸው የተቀራረበ፣ አንዳንዶቹም ጫፋቸው ላይ ነጭ መግል የቋጠሩ ደቃቅ እብጠቶች ተዘርተዋል። «ብጉሬ ተመለሰ» ትላለች፤ ወዲያውም የብጉር ሳሙናዋን፣ ሎሚውን፣ ጎረቤት የመሰከረችለትን ቅባት ታነሣለች። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገር ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ ብጉር አይደለም። ስሙ ፎሊኩላይተስ ነው፤ መነሻውም አያያዙም ከብጉር ይለያል።

ፎሊኩላይተስ ማለት የፀጉር ሥር መቆጣት ነው። ከቆዳችን የሚወጣ እያንዳንዱ ፀጉር፣ ጉንጭ ላይ ያለው ዓይን የማይለየው ለስላሳ ፀጉር ሳይቀር፣ ተተክሎ የሚያድግበት ጠባብ ጉድጓድ አለው። ሐኪሞች ፎሊክል ይሉታል። ፀጉሩ በክር፣ በወረንጦ ወይም በሰም ተመንግሎ ሲወጣ የጉድጓዱ ግድግዳ ይጫጫራል፣ አፉም ለጊዜው ይከፈታል። ሰውነት ጉዳቱን ሊጠግን ደም ወደ ቦታው ይልካል፤ ስለዚህ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። እስከዚህ ድረስ ምንም ተሕዋስ የለበትም። በቆዳና በአፍንጫ ውስጥ ተደላድሎ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በዚያ ክፍት በር ሲገባ ግን እብጠቱ መግል ይቋጥራል።

ሌላም መንገድ አለ፤ እንደ እኛ ጥምዝ ፀጉር ላለው ሰው ደግሞ ዋነኛው እሱ ነው። ፀጉሩ ከሥሩ ሳይነቀል ከቆዳ በታች ከተበጠሰ፣ የቀረው ሹል ጫፍ ሲያድግ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ የጉድጓዱን ግድግዳ ይወጋል። በምላጭ ተላጭቶ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ብቅ ይልና ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነታችን የገዛ ፀጉሩን እሾህ እንደተሰካበት ቆጥሮ ይታገለዋል። ይህ የተቀበረ ፀጉር ነው። በወንዶች ጺም ላይ ሲደጋገም ፕሲዩዶፎሊኩላይተስ ባርቤ የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶታል፤ «ፕሲዩዶ»፣ ማለትም «ሐሰተኛ» ማለታቸው ያለ ባክቴሪያም ስለሚነሣ ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ይህ ችግር ያለባቸው፣ አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑ ወታደሮች ጺማቸውን ሳይላጩ እንዲያገለግሉ የሐኪም ፈቃድ ሲያወጡ ኖረዋል፤ አየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2020 የፈቃዱን ዘመን እስከ 5 ዓመት አራዝሞ ነበር። ነገሩ የንጽሕና ጉድለት ሳይሆን የፀጉር ቅርጽ ጉዳይ ነው። ፊቱ ላይ እብጠት ያለበትን ወጣት «ፊትህን በደንብ አትታጠብም ወይ?» ለሚሉ ሁሉ ይህ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ከብጉር በምን ይለያል? እኔ ከሁሉ በፊት የምመለከተው ጊዜውን ነው። ብጉር በአንድ ሌሊት የወጣ ቢመስልም ሥራውን የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ቅባትና የሞተ ቆዳ ተደባልቀው ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ሲደፍኑ ቆይተው ነው ያበጠው። ስለዚህ ቅዳሜ ተነቅላችሁ ሰኞ የወጣው፣ ያውም በተነቀላችሁበት ቦታ ልክ የወጣው፣ የመነቀሉ ውጤት ነው። በተነቀሉ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ የሚታይ መቅላት ተራ መቆጣት ነው፤ በማግሥቱ ይለቃል። በአንድና በሦስት ቀን ውስጥ የሚወጣ፣ መሐሉ ላይ የፀጉር ቀዳዳ የሚታይበት፣ የሚያሳክክ ደቃቅ እብጠት ፎሊኩላይተስ ነው። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፀጉሩ መልሶ ሲያድግ የሚወጣው ጠጠር ያለ እብጠት የተቀበረ ፀጉር ሊሆን ይችላል። ብጉር ግን ጥቁርና ነጭ የተደፈኑ ቀዳዳዎችን ይዞ ይመጣል፣ መጠኑም የተዘበራረቀ ነው። ሽፍታው ከተነቀለው ቦታ አልፎ እየሰፋ የሚያቃጥልና የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ አለርጂን ጠርጥሩ፤ በሰም ውስጥ የሚገባው የጥድ ሙጫና በክሬሞች ውስጥ ያለው ሽቶ በዚህ የታወቁ ናቸው።

ቀድሞውኑ ብጉር የሚያጠቃው ፊት ይህ ሁሉ ይብስበታል። አንደኛው ምክንያት ቆዳው ራሱ የተቆጣ መሆኑ ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። አዳፓሊን፣ ትሬቲኖይን፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባሉትን የብጉር መድኃኒቶች የሚቀባ ሰው የላይኛው የቆዳ ንጣፉ ስስና ደረቅ ይሆናል፤ ሰም ሲለጠፍበትና ሲነሣ ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም ልጦ ይወስዳል። በዓረብ አገራት የቆዩ እህቶቻችን ሐላዋ የሚሉት፣ በስኳርና በሎሚ የሚፈላውም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነት ቆዳ ዋስትና አይሆንም። ሬቲኖይድ የሚባሉትን ቅባቶች፣ ማለትም እንደ አዳፓሊንና ትሬቲኖይን ያሉትን፣ ከመነቀል በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ማቆም ይገባል። ሮአኩታን በሚል ስም የምናውቀውን አይሶትሬቲኖይን የሚውጥ ሰው ግን መድኃኒቱን በሚወስድበት ጊዜም ሆነ ከጨረሰ በኋላ ለ6 ወር ፊቱን በሰም ማስነሣት የለበትም፤ ጠባሳ ሊተው ይችላል። መግል በቋጠረ ብጉር ላይ ደግሞ ክርም፣ ሰምም፣ ምላጭም አይለፍ። ያ ቦታ ይቆይ።

በተነቀላችሁበት ዕለት ፊት የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነገር ነው። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል አሳርፉበት፤ በረዶ በቀጥታ አታስነኩት። ማታ ለብ ባለ ውኃና ሽቶ በሌለው ለስላሳ የፊት ማጠቢያ ታጠቡ፣ በፎጣ ሳትፈትጉ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ፣ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት፣ ቀዳዳ የማይደፍን ቀላል የማርጠቢያ ክሬም ቀቡ። ለአንድ ቀን ፋውንዴሽን አትቀቡ። የብጉር መድኃኒታችሁን ለሁለት ሦስት ቀን አሳርፉ። እጃችሁን ከፊታችሁ አርቁ፤ ይህን የምለው ለራሴም ነው፣ ምክንያቱም የተነቀለ አገጭ ለስላሳነቱን ደጋግሞ እንዲዳሰስ ይጋብዛል፣ ባክቴሪያው የሚመጣውም በጣት ነው። የትራስ ልብስ መቀየርም ዋጋ አለው። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት ደግሞ ሌሊት በሻሽ ትሸፍነው፤ ቅቤው ቀልጦ ግንባርና ጉንጭ ላይ ሲወርድ ቀዳዳ ይደፍናል።

ሙቀት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በየውበት ሳሎኑ ስቲም፣ ሳውናና ፊት መነቀል በአንድ ቀን ተደርድረው ይሰጣሉ። ለሠርግ የምትዘጋጅ ሙሽራ በተለይ በጥር ወር፣ ሠርጉ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ ትጨርሳለች። እንፋሎትና ላብ በተከፈቱት ቀዳዳዎች ላይ ሲወርዱ ቁጣው ይባባሳል፣ ሽፍታውም ልክ በሠርጉ ማለዳ ይደርሳል። ስቲሙ ለሌላ ቀን ይሁን። ፊት የሚነቀለው ከሠርጉ ከ5 እስከ 7 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ተነቅላ ለማታውቅ ሙሽራ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት መሞከሩ ይበጃል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ይህ ሽፍታ ሲወጣብኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ፊቴን አሳየሁ። ያለ ማዘዣ ትንሽ ቱቦ ተሰጠኝ። በሁለት ቀን ውስጥ እብጠቱ ጠፋ፣ ቆዳዬም ጠራ፤ ለጓደኞቼ ሁሉ ስሙን ነገርኳቸው። ስተወው ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ፣ ስቀባው ጠፋ፣ ስተወው ተመለሰ። በኋላ ቱቦውን አገላብጦ ያነበበው የቆዳ ሐኪም ነው ምን እንደነበረ የነገረኝ፦ ቤታሜታሶን የተባለ ብርቱ ስቴሮይድ፣ ከፈንገስ መድኃኒትና ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለ። ስቴሮይድ ቁጣን ስለሚያፍን የዳነ ያስመስላል እንጂ መንስኤውን አይነካም። ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያጎላል፣ የራሱን ብጉር ያወጣል፣ ከዚያም አልፎ በተቀባበት ቦታ ፀጉር ያበዛል። ፀጉሩን ስላስነቀልሁ ሽፍታ ወጣብኝ፣ ለሽፍታው የቀባሁት ፀጉር አበዛብኝ፣ ስለዚህ እንደገና አስነቀልሁ። ፊትን ለማቅላት በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥም ይኸው ቤታሜታሶን ወይም የባሰው ክሎቤታሶል ሊገኝ ይችላል፤ ስያሜያቸው በ«ሶን» ወይም በ«ሶል» የሚያልቅ ነገር ቱቦው ላይ ካያችሁ ፊታችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። ለወራት የቀባ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከመተው ሐኪም አማክሮ ቢያቆም ይሻላል።

አልኮልና ሎሚም ከዚሁ ወገን ናቸው። ወንዶች ጺማቸውን ከተላጩ በኋላ ፊታቸው ላይ የሚርከፈከፈው አልኮል የተጎዳውን ቆዳ የበለጠ ያደርቀዋል፤ አልኮሉ የሚያስፈልገው ለመሣሪያው ነው። ሎሚ አሲድ ከመሆኑ በላይ ፀሐይ ሲነካው ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያጠቁር ንጥረ ነገር አለው።

ጥቁረቱን ካነሣሁ ላይቀር፣ ብዙዎቻችን የምናለቅሰው በእብጠቱ ሳይሆን እብጠቱ ትቶት በሚሄደው ጥቁር ነጥብ ነው። ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከልክ በላይ ይሠራሉ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ ምልክት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። የእኔ አገጭ ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ምልክቱን የሚያከርመው ፀሐይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨረሩ አይሰማንም እንጂ አለ። ከተነቀሉ በኋላ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ፣ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ያስፈልጋል። ለተቆጣ ቆዳ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይስማማል። እንደ ቆዳችን ቀለም የተቀባባው ዓይነት ደግሞ ነጭ ሆኖ ካለመታየቱም ሌላ፣ በውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ከሚታየው ብርሃን ጭምር ይከላከላል።

ከሦስት አራት ቀን በኋላ ቆዳው ከተረጋጋ ወደ መድኃኒት መመለስ ይቻላል። ሳሊሲሊክ አሲድ ቀዳዳውን ያጸዳል፤ አዜላይክ አሲድ ብጉሩንም፣ የፀጉር ሥር ቁጣውንም፣ ጥቁረቱንም ያግዛል፤ አዳፓሊን ፀጉር እንዳይቀበር ይረዳል። ሦስቱን በአንድ ሌሊት መደረብ ግን ፊትን ማቃጠል ነው። ከቆዳ በታች ተጠምዝዞ የሚታይ ፀጉር ካለ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እያለሰለሱ ራሱ ብቅ እንዲል መጠበቅ ነው። በመርፌና በጥፍር መቆፈር ጠባሳ ይተክላል።

የሳሎኑን ነገር ባጭሩ ልናገር። ክሩ አዲስ ይሁን፤ ነቃይዋ የክሩን ጫፍ በጥርሷ ከመንከስ ይልቅ በአንገቷ ወይም በእጇ ብትይዘው ይሻላል። ሰም የተነከረበት እንጨት ፊት ነክቶ ወደ ድስቱ አይመለስ። ምላጩ እያያችሁ ከማሸጊያው ተቀድዶ ይውጣ፤ በጋራ ምላጭ ሄፓታይተስ ቢ ሊተላለፍ ይችላል። ለሚላጩ ወንዶችም ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ መላጨት ይበጃል፤ ጺሙ የሚቀበርበት ሰው በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ቢከረክም ይሻለዋል። ሴቶችም ቢሆኑ መላጨትን የሚፈሩት ፀጉሩን ያወፍራል በሚል ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1928 ሚልድረድ ትሮተር በተባለች የሰውነት አሠራር ሊቅ ተፈትሾ እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ የተቆረጠው ጫፍ ደንደን ብሎ ስለሚዳሰስ ብቻ ነው የሚመስለው።

እብጠቱ በሳምንት ካልለቀቀ፣ እያመመና እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ካመጣ፣ ወይም ከንፈር አካባቢ ውኃ የቋጠሩ ጉብታዎች በክምችት ከወጡ የቆዳ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የአለርት ሆስፒታልን የቆዳ ክፍል ያውቀዋል። ሌላም አለ፦ አገጭና አንገት ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጠንካራ ፀጉር የሚያበቅልባት፣ ብጉሯ አልለቅ ያላት፣ የወር አበባዋም የሚዛባባት ሴት ፒሲኦኤስ የተባለው የሆርሞን መዛባት ሊኖርባት ይችላል፤ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷን ገደማ ይነካል። ለእሷ የሚታከመው ከሥሩ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ሐኪም ጋ ስትሄድ እስካሁን የቀባቻቸውን ቱቦዎች ሁሉ በፌስታል ይዛ ትሂድ፣ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ሳምንትም አትነቀል። እኔ በመጀመሪያው ቀጠሮዬ አፍሬ ማለዳ ተነቅዬ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ የሚያየው ፀጉር አጥቶ ሌላ ቀን ቀጠረኝ።