ተደራሽ ድረ ገጽ ምንድን ነው?

«የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ተደራሽ ሆነ» ይባላል። ገብተው ሲያዩት ገጹ ሥራ ጀምሯል፣ በስልክም ይከፈታል፣ በቃ። ስህተቱ ከቃሉም የመጣ ነው። በጤናው ዘርፍ «ተደራሽነት» ሲባል የኖረው ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል፣ መድኃኒቱ አለ ወይ፣ አምቡላንሱ ይደርሳል ወይ ለማለት ነው። በድረ ገጽ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የማያይ፣ የማይሰማ ወይም ማውስ መያዝ የማይችል ሰው የመጣበትን ጉዳይ ራሱ ጨርሶ ይወጣል ወይ? ቀጠሮ ይይዛል? የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ያውቃል? ከደም ምርመራው በፊት ምግብ እንዳይቀምስ የሚያዘውን ማሳሰቢያ ያገኘዋል? ካልሆነለት ገጹ ክፍት ነው እንጂ ተደራሽ አይደለም።

«ማየት ለተሳነው ሰው ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል? አስታማሚው ያንብብለት» የሚል አስተያየት ሰጪ መቼም አይጠፋም። ቀጠሮው የኤችአይቪ ክትትል ቢሆንስ? የአእምሮ ሕክምናስ? ሐኪሙ በሩን ዘግቶ የሚጠብቀውን ምስጢር የጎረቤት ልጅ ቀድሞ በስልክ ካነበበው የቱ ጋ ተጠበቀ? ጉዳዩ የቸርነትም አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ከሕንፃና ከትራንስፖርት ጎን መረጃንና ኢንተርኔትንም ያነሣል።

ገጹን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም የገጹን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ምን እንደሚሠራ ያልገባው ባለሙያ ነው። የሐዋሳን መናኸሪያ አስቡ። አንዱ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ይላል፤ ሌላው ማዶ ሆኖ «ዲላ! ዲላ!» ስክሪን ሪደር ይህ ረዳት ነው። የመኪናው ቀለም አይታየውም፤ ታፔላው ላይ የተጻፈውን ይጠራል። የአጉሊ መነጽር ሥዕል ብቻ ያለው የፍለጋ ቁልፍ ታፔላ ስለሌለው «ቁልፍ» ብሎ ያልፈዋል። «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ 12 ጊዜ የተደረደረበት ገጽ ደግሞ 12 ረዳቶች መድረሻ ሳይጠሩ «ግባ! ግባ!» የሚሉበት መናኸሪያ ነው። «የእናቶች ክሊኒክ ቀጠሮ ይያዙ» ብሎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?

ርዕሶች ፌርማታዎች ናቸው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው የ«ኤች»ን ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል። ዲዛይነሩ ግን በገጹ ኮድ፣ በኤችቲኤምኤል፣ ውስጥ ባለው የርዕስ ምልክት ፋንታ ፊደሉን አግዝፎና አድምቆ ብቻ ከተወው፣ ለዓይን ርዕስ ይመስላል እንጂ ለረዳቱ ፌርማታ የለም፤ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» እያለ ዲላ ይደርሳል። (ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ቢሳሳት ሾፌሩ አለ።)

የእኛ አገር ዋናው በሽታ ግን በፎቶ የተነሣ ደብዳቤ ነው። የስፔሻሊስቶች የሳምንት ፕሮግራም በወርድ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ክብ ማኅተም ይመታበታል፣ በስልክ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፤ ያው ምስል ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ስክሪን ሪደሩ ወይ «ግራፊክ» ይላል፣ ወይ የፋይሉን የቁጥር ስም ያነበንባል፣ ወይ ዝም ብሎ ያልፋል። «አልት ጽሑፍ (ምስሉን በቃል የሚገልጽ፣ በኮዱ ውስጥ የሚቀመጥ ጽሑፍ) ጨምሩበት» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አያድንም፤ አልት ለአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የተሠራ ነው፣ የ7 ክፍልና የ5 ቀን ሠንጠረዥ አይሸከምም። ወርድ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ እንደ ሠንጠረዥ ይግባ፤ የላይኛው ረድፍና የመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ መሆናቸው በኮዱ ይገለጽ። አለዚያ ሰሚው «2፡30» የሚለውን ይሰማል እንጂ የየትኛው ቀንና የየትኛው ክፍል እንደሆነ አያውቅም። «ከጠዋቱ» ብላችሁም ጨምሩበት፣ የስልኩ ሰዓት 8፡30 የሚል ሰው ብዙ ነው። ማኅተም ያለበት ምስል የግድ ካላችሁ ከሥር ይቀመጥ።

ፒዲኤፍ ሌላ ወጥመድ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ዛሬም በእነሱ የሚተይብ ቢሮ አለ። ዓይን «ድንገተኛ ክፍል» ያያል፣ ስክሪን ሪደሩ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይጠራል። ለመፈተሽ ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። ፊደሉ ከተለወጠ በዩኒኮድ እንደገና ይተየብ። ጭራሽ አልመረጥ ካለ ስካን ነው፣ ማለትም ያው ፎቶ።

ሐዋሳ ላይ የሚሠራ ገጽ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይቀላቅላል። እያንዳንዱ ክፍል ቋንቋው በኮዱ፣ «ላንግ» በሚባለው ቦታ፣ መገለጽ አለበት። የተገዛ ቴምፕሌት «እንግሊዝኛ ነኝ» ብሎ ይመጣል፣ ማንም አይነካውም። ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል የንባብ ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የሮቦት ነው፣ ግን ያነባል። ገጹ እንግሊዝኛ ነኝ ካለው ግን ለእንግሊዝኛ በተሠራ ድምፅ ፊደላችንን ሊጠራ ይሞክራል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ስለሚጻፍ ችግሩ ይበልጥ ይደበቃል፤ ድምፅ ይወጣል፣ ቃሉ ግን ባለቤቱ የማያውቀው ሆኖ።

አሁን ማውሱን ንቀሉና በታብና በኢንተር ብቻ ቀጠሮ ያዙ። መጀመሪያ የምትጠፉት የት እንዳላችሁ የሚያሳየው ክፈፍ ስለሌለ ነው፤ ዲዛይነሩ «ያስቀይማል» ብሎ አጥፍቶታል። ቀጥሎ በማውስ ብቻ የሚከፈተው ካላንደር ጋ ትቆማላችሁ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ 3 ተራ ሳጥኖች ከእሱ ይሻላሉ፤ ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር ከሆኑ ጳጉሜ አትረሳ። ቅጹ ጊዜ አልቋል ብሎ ከመዘጋቱ በፊትም ያስጠንቅቅ፤ በአንድ ቀላል ንክኪ ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይስጥ።

ቀለም ላይ ዌካግ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛ ደረጃው በጽሑፉና በመደቡ መካከል ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። ነጭ ላይ የቀለም ኮዱ 999999 የሆነው ግራጫ ይወድቃል፣ 767676 ለጥቂት ያልፋል። ለእኛ ፊደል ግን «ለጥቂት» አይበቃም። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የቅጥያዋ ከፍታ ብቻ ነው፤ በቀጭን ፎንት በ12 ፒክስል ሲጻፍ ቁጥሩን ያለፈው ቀለም እንኳ አያድነውም። የመድኃኒት ስም የያዘ መስመር ላይ ደግሞ አንዲት ቅጥያ ቀልድ አይደለችም።

ገጽን በራሱ የሚፈትሽ መሣሪያ ተጠቅመው «መመዘኛው 100 ከ100 ሰጠን» የሚሉም አሉ። መሣሪያው አልት መኖሩን ያያል፣ «ሥዕል1» ተብሎ መጻፉ ግን አይገባውም። አንድ መስመር ኮድ ለጥፉና ገጹ በራሱ ይስተካከላል የሚባለውንም አትግዙ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን ቃል ሲገባ የነበረ ኩባንያ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። የጤና ትምህርት ቪዲዮ ላይ ጽሑፍ ማውጣትም መስማት ለተሳነው ሁሉ አይበቃም፤ የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ የሆነ ሰው የተጻፈ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው የሚያነበው።

ከመመዘኛው ይልቅ ስክሪን ሪደር በየቀኑ የሚጠቀም ሰው በራሱ ስልክ ቀጠሮ እንዲይዝ ጠይቁት፤ ለጊዜውም ክፈሉት። እናንተ አጠገቡ ተቀመጡና የት እንደቆመ ጻፉ። «እዚያ ታች ነው» ብላችሁ አፋችሁን ከከፈታችሁ ፈተናው ተበላሽቷል፣ ከመጀመሪያው ይደገም።