የጠመንጃ ማርሚታ፦ አሜሪካኖች ቤታቸውን በሳይለንሰር ሲጠብቁ

ማርሚታው የተበሳ ታክሲ ሰፈር ሲገባ ገና ከሩቅ ይሰማል። ሳይለንሰር የሚባለው ነገር ለጠመንጃ የተሠራ ማርሚታ ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለውም። አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ ነው። በውስጡ እንደ ሾጣጣ ሳህን የተደረደሩ ክፍልፋዮች አሉ፤ መሃላቸው ለጥይቱ ማለፊያ የተበሳ ነው። ጥይቱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከኋላው የሚመጣው የተቃጠለ ባሩድ ጋዝ ግን እዚያ ክፍልፋይ ውስጥ ይያዛል፣ ይዞራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል።

የፈነዳ ጎማና ቀስ ብሎ የተነፈሰ ጎማ ያወጡት አየር ያው ነው። አንደኛው ሰፈሩን ያስደነግጣል፤ ሁለተኛውን ባለቤቱ ጠዋት ሲነሳ ነው የሚያየው። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህንን ቱቦ በብዛት የሚገዙት አዳኞችና ተኩስ የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ለቤት መጠበቂያ ባስቀመጡት ጠመንጃ ላይ የሚያስሩትም በዝተዋል። ይህ ፊልም ለለመደ ሰው ግር ይላል። ፊልም ላይ ሳይለንሰር የሚይዘው ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ነው። "ጵስ" ትላለች፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ጎረቤት እንቅልፉን ይለጥጣል። የቤት ባለቤቱ ግን የሚፈልገው መደበቅን አይደለም። የሚያሳስበው ጆሮው ነው።

ቁጥሩን እንይ። በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ኤአር 15 ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ 165 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ያወጣል። ለድንገተኛ ድምፅ የአደጋ መስመር ተብሎ የሚጠቀሰው 140 ነው። ጥሩ ሳይለንሰር ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የሚቀረው ከ130 እስከ 145 አካባቢ ነው። ይህ አሁንም በጣም ትልቅ ድምፅ ነው፤ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ፖሊስም ይጠራል። ነገር ግን የዴሲቤል አቆጣጠር እንደ ኪሎና እንደ ሜትር አይደለም። በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ ይለያያል። 30 ዴሲቤል ተቀነሰ ማለት ኃይሉ ወደ አንድ ሺህኛ ወረደ ማለት ነው።

ሳይለንሰር የማይነካው ድምፅም አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የኤአር 15 ጥይት 900 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ጥይቱ ድምፅን ቀድሞ ሲሄድ በመንገዱ ሁሉ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህንን ድምፅ ያውቀዋል፤ የጅራፉ ጫፍ የሚጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህንን ለማስቀረት ከድምፅ የሚዘገይ ከባድ ጥይት ያስፈልጋል። በ2011 ደረጃ የወጣለት 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይት በዚህ መንገድ ነው ስም ያወጣው። ከባዱ ዓይነት በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፊልም ላይ ወዳለችው "ጵስ" የሚቀርበው እንዲህ ያለው ጥምረት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በቅጡ አይደርስባትም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ሜዳ ላይ የተተኮሰ ጠመንጃ ድምፁ ይበተናል። ኮሪደር ውስጥ ግን ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ መልሰው ይወረውሩታል። ሌሊት በ9 ሰዓት ከእንቅልፉ የባነነ ሰው የጆሮ መከላከያ አላደረገም። ሚስቱም፣ ሁለተኛው ክፍል ያሉት ልጆችም አላደረጉም። አንድ ጥይት በቂ ነው፤ ጆሮ ጭው ይላል። ለአንዳንዱ ከቀናት በኋላ ይለቀዋል። ለአንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ጆሮው ውስጥ የሚጮኽ ነገር ይተክልበታል። በዚያች ደቂቃ ደግሞ መስማት የግድ ነው። ልጁ የት ነው? በስልክ ያለችው የ911፣ የአደጋ ጥሪ ሠራተኛ ምን እያለች ነው? ፖሊስ በር ላይ ቆሞ "ጣል!" ሲል ያልሰማ የቤት ባለቤት ራሱ ሊመታ ይችላል።

ሌላው ጥቅም ብልጭታው ነው። በጨለማ ከአፈሙዝ የሚወጣው እሳት ለጊዜው ዓይን ያጠፋል። ሳይለንሰሩ አብዛኛውን እሳት ውስጡ ያስቀረዋል። እርግጫውም ትንሽ ይለዝባል።

ጉድለቱስ? መጀመሪያ ርዝመቱ ነው። በፌዴራል ሕግ የጠመንጃ በርሜል ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ካጠረ ለብቻው መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለው ባለ 16 ኢንች ነው። እሱ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቱቦ ሲጨመር መሣሪያው በጠባብ ኮሪደር አልዞር ይላል። በር ሲያልፉ አፈሙዙ ቀድሞ ይታያል። ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ግማሽ ኪሎ ደግሞ ጫፍ ላይ ሲሆን ክንድ ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ ኤአር 15 ላይ ጋዙ ወደ ኋላ ይመለስና የተኳሹን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። ለአንድ ለሁለት ጥይት ምንም አይደለም፤ ካዝና ሙሉ የሚለማመድ ሰው ግን እያነባ ነው የሚመለሰው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጉድለት ግን የሳይለንሰሩ አይደለም፣ የጥይቱ ነው። የአሜሪካ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው የእንጨት ቋሚና የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ብሎኬት የለመደ ሰው ግድግዳውን በጡጫ ሲበሳው ይደነግጣል። የጠመንጃ ጥይት እንዲህ ያለውን ግድግዳ አልፎ የልጆች መኝታ ክፍል ይገባል፤ አፓርታማ ከሆነ ጎረቤት ቤት ይገባል። ሳይለንሰር ይህንን በምንም አያስተካክልም። ለእኔ አፓርታማ የሚኖር ሰው ስለ ሳይለንሰር ከማሰቡ በፊት፣ ጠመንጃ ለዚያ ቤት ይሆናል ወይ የሚለውን መጨረስ አለበት። ጆሮው ብቻ ከሆነ ያሳሰበው፣ ትልቅ ድምፅ ሲመጣ የሚዘጋና ንግግር የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክ ጆሮ መከላከያ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ሳይለንሰር ግን ደህናው ከ500 ዶላር ይጀምርና ከ1,000 ያልፋል።

የፈጠራው ታሪክ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። አባትየው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በ1884 ራሱ የሚጎርስ መትረየስ የሠራው ሰው ነው። በስተርጅናው ጆሮው ደንቁሮ ነበር፤ ለዚህም ተጠያቂው የመሣሪያዎቹ ጩኸት ነው ይባላል። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1909 የሳይለንሰር የፈጠራ መብት አወጣ። ይህንኑ ሐሳብ ለሞተር ጭስ ማውጫም አዋለው። የማርሚታው ዝምድና እንግዲህ እንዲሁ ለጨዋታ የመጣ አይደለም። ሰውየው በዚህ አላበቃም፤ በ1914 የአሜሪካ አማተር ሬዲዮ ማኅበርን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። አባት ዓለምን አደነቆረ፣ ልጅ ደግሞ በሩቅ የሚያሰማማ ማኅበር አቆመ።

ሕጉ የመጣው በ1934 ነው። የታዋቂው ወሮበላ የአል ካፖን ዘመን ገና ማለቁ ነበር። ብሔራዊው የጦር መሣሪያ ሕግ በዋናነት ያነጣጠረው በወሮበሎቹ መትረየስና በአጫጭር ጠመንጃዎች ላይ ነበር። ሳይለንሰርም አብሮ ተካተተ፤ በምክር ቤቱ ክርክር ላይ ግን ስለ እሱ ብዙም አልተነገረም። በእያንዳንዱ ላይ 200 ዶላር ግብር ተጣለ። ያኔ 200 ዶላር በዛሬ ስሌት ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። ግብር ተባለ እንጂ ክልከላ ነበር። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ቁጥሩን ማንም ሳይነካው 90 ዓመት አለፈ። የዋጋ ንረት ቀስ በቀስ በላው።

ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ግብሩ ዜሮ ሆነ። ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ሳይለንሰርን ጨርሶ ከሕጉ ለማውጣትም ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን በሴኔቱ የበጀት ሕግ ሥርዓት አላለፈም። ስለዚህ ገንዘቡ ቀረ እንጂ ምዝገባው አልቀረም። ዛሬም ፎርም 4 ይሞላል፣ የጣት አሻራና ፎቶ ይላካል፣ ኤቲኤፍ የተባለው የፌዴራል ቢሮ አጣርቶ ይፈቅዳል። ድሮ ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጅ ነበር። በኦንላይን ከሆነ ወዲህ በቀናት የሚያልቅለት ሰው አለ። በ2021 የተመዘገቡት ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በጣም አሻቅቧል።

ያልተመዘገበ ይዞ መገኘት እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የካንሳስ ሰዎች ይህንን በራሳቸው አይተውታል። ግዛቲቱ በ2013 "እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ የቀረ መሣሪያ የፌዴራል ሕግ አይነካውም" የሚል ሕግ አወጣች። አንድ ባለ ሱቅ ይህንን አምኖ ሳይለንሰር ሸጠ፤ ገዢውም ደስ ብሎት ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሁለቱም በፌዴራል ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2018 ፍርዱን አጸናው። የግዛት ሕግ ከፌዴራል ሕግ አያስጥልም።

ለቤት መከላከያ የሚያስቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የስም ነገር አለ። ባል በስሙ አስመዝግቦ ለሥራ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ ቤት የቀረችው ሚስት ያንን መሣሪያ ብቻዋን ስትይዝ የሕግ ችግር ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ለጥበቃ የገዙት ነገር ባለቤቱ በሌለበት ሌሊት የማይነካ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ሲባል ብዙ ሰው ትረስት የሚባል፣ ንብረት በጋራ የሚያዝበት ሕጋዊ ውል ያቋቁማል። ንብረቱ በትረስቱ ስም ይሆንና ሁለቱም በሕግ ይይዙታል። ከ2016 ወዲህ ግን ትረስቱ ላይ በኃላፊነት የሰፈረ ሁሉ አሻራና ፎቶ መስጠት አለበት።

ግዛቶቹም አንድ አይደሉም። በ42ቱ መያዝ ይቻላል። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዴላዌር፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ ከልክለዋል። ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። እዚያ አካባቢ ለሚኖረው ሐበሻ ይህ የወረቀት ወሬ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚፈቀደው ቱቦ፣ ዲሲ ሲገቡ ወንጀል ነው። ሎስ አንጀለስ ያለውማ ጭራሽ አይሞክረው። ሚኒሶታ በ2015 ፈቅዳለች።

የመኖሪያ ወረቀትም ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። አንድ ጉዳይ ደግሞ እኛን ለይቶ ይመለከታል። የግዢው ፎርም ሕገወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየቃመ "አልጠቀምም" ብሎ የሚፈርም ሰው የሐሰት ቃል እየሰጠ ነው። "ኧረ ጫት ምን አለው" የሚለው መልስ እዚያ አይሠራም።

ክርክሩ ገና አልበረደም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በዚያው በዲሲ ጉዳይ ሰው በቤቱ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ የመያዝ መብት አለው ብሏል። ያ መብት ሳይለንሰርን ይጨምራል ወይ? በ2025 መቀመጫው ኒው ኦርሊየንስ የሆነው 5ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መጀመሪያ "ሳይለንሰር ራሱ መሣሪያ አይደለም" አለ። ከወራት በኋላ ያንን አንስቶ፣ የሕገ መንግሥት ጥበቃ አለው ብለን ብንነሳ እንኳ ምዝገባው ሕጋዊ ነው ብሎ አስተካከለ። የሚቃወሙት ወገኖች የ2019ኙን የቨርጂኒያ ቢች ግድያ ያነሳሉ። ገዳዩ ሳይለንሰር ያለው ሽጉጥ ይዞ 12 ሰው ገድሏል። ሰው ተኩሱ ከየት እንደመጣ ካላወቀ ወዴት ይሸሻል? ጥያቄው ከባድ ነው። በሌላ በኩል በ2017 አንድ ከፍተኛ የኤቲኤፍ ባለሥልጣን በጻፉት ሰነድ፣ ሳይለንሰር በወንጀል ላይ የሚውለው እምብዛም ነው ብለዋል።

ኖርዌይና ኒው ዚላንድ ሄደው ቢጠይቁ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ይስቃሉ። እዚያ አዳኝ ሳይለንሰር የሚገዛው ያለ ልዩ ፈቃድ ነው፤ ጎረቤትን ላለመረበሽና ጆሮን ለማዳን የጨዋ ሰው ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ጠመንጃውን ራሱን ለመግዛት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። "ቤቴን ልጠብቅበት ነው" ብሎ ለሚያመለክት ሰው ፈቃዱን አይሰጡትም።