ሜይንፍሬም ምንድን ነው?

ሜይንፍሬም የአንድን ትልቅ ድርጅት ሥራ፣ ሒሳቡንም ደሞዙንም መዝገቡንም፣ ብቻውን የሚሸከም ኮምፒውተር ነው። ስሙ የመጣው ከአካሉ ነው። ድሮ የማሽኑ አንጎል የሚቀመጠው ቁም ሳጥን በሚያክል የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ያንን ዋና ሳጥን ሜይንፍሬም አሉት። ካርድ አንባቢው፣ ማተሚያውና የቴፕ ማሽኖቹ በዙሪያው ሲደረደሩ አንድ ሰፊ ክፍል ይሞላ ነበር።

ያኔ ፕሮግራሙ የሚገባው በወረቀት ካርድ ነበር። አንድ ካርድ 80 አምድ ነበረው፤ በየአምዱ አንድ ፊደል ወይም ቁጥር ይበሳ ነበር። ሺህ መስመር ፕሮግራም ማለት ሺህ ካርድ ነው። ከእጅ ወድቆ ከተደባለቀ፣ በቃ፣ ቁጭ ብሎ ቅደም ተከተሉን መመለስ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ሌላ ነበር። ለአንዱ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው አይሠራም፤ ሁለቱም ከአንድ ኩባንያ ቢወጡ እንኳ። ሥራው ሰፍቶ ትልቅ ኮምፒውተር የገዛ ድርጅት ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ማስጻፍ ነበረበት። ስንት ዓመት የተለፋበት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

የአሜሪካው ኮምፒውተር አምራች አይቢኤም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ሲስተም/360 የተባለውን የሜይንፍሬሞች ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ ይህ ተቀየረ። ፕሮጀክቱን የመራው ፍሬድ ብሩክስ ነው፤ የንድፉ መሪ ጂን አምዳል። ከትንሹ እስከ ትልቁ ማሽን የሚገባቸው ትእዛዝ አንድ ሆነ። ትልቁ ይፈጥናል እንጂ ቋንቋው ያው ነው። ዛሬ ስለ ስልካችን ስናወራ የምንጠራው ባይት 8 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው) ሆኖ የጸናውም በዚሁ ማሽን ምክንያት ነው።

ሚሞሪው የጤፍ ፍሬ በሚያካክሉ የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ነበር፤ በመሃላቸው ቀጫጭን ሽቦ ያልፋል፤ አንድ ቀለበት የሚይዘው አንድ ቢት ብቻ ነው። ከአነስተኞቹ አንዱ የሆነው ሞዴል 30 ቢበዛ 64 ኪሎባይት ነበረው። ይህን 16 ጊዜ ብቻ እጥፍ እጥፍ ብታደርጉት 4 ጊጋባይት ይሆናል፤ የአንድ ተራ ስልክ ሚሞሪ ማለት ነው። በኋላ ኢንቴል የተባለውን የቺፕ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ቺፕ (ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ) ላይ የሚያርፉት ክፍሎች በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆኑ ተነበየ፤ በ1975 ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ብሎ አስተካከለው። የኮምፒውተር እድገት እንዲህ ያስገረመን እጥፍ በእጥፍ ላይ ስለሚደራረብ ነው።

እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ቋንቋ እንዲኖራቸው የተደረገበት ውሳኔ ነው። ያኔ ለሲስተም/360 የተጻፉ ብዙ የሥራ ፕሮግራሞች በዛሬው የአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይም ይሠራሉ።