«በጥቅምት አንድ አጥንት»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡ እና የደብረ ብርሃን ቁርስ

ጥቅምት ሲጠባ በየዓመቱ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይገባል። «በጥቅምት አንድ አጥንት አይደል እንዴ? ቅዳሜ እንገናኝ!» ላኪው ይለያያል። ሐሳቡ ያው ነው። ሥጋ ቤት እንገናኛለን፣ ቁርጥ ይታዘዛል፣ ጥብስ ይጨመራል፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ይቀርባል። ብዙ ጊዜ አጥንት የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ ወሩ ያልቃል።

እኔም ይህን አባባል ለረጅም ጊዜ የማውቀው የሥጋ ግብዣ መጥሪያ አድርጌ ነው። መጥሪያነቱን አልጠላውም። የተራራቀ ወዳጅ ያገናኛል። ግን ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን ላይ፣ አንዲት ጠባብ ቁርስ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሌላ ትርጉም አገኘሁበት።

እስኪ መጀመሪያ አባባሉን ራሱን እንየው። ሦስት ቃል ብቻ ነው። «ጥቅምት» እና «አጥንት» አራት አራት ፊደል ናቸው። ሁለቱም ውስጥ «ጥ» አለ። ሁለቱም በ«ት» ይዘጋሉ። ከ«ት» በፊት ያሉት «ም» እና «ን» ደግሞ ለጆሮ በጣም ይቀራረባሉ። አንዴ የሰማው ልጅ እንኳ የማይረሳው ለዚህ ነው።

ግስ ግን የለውም። በጥቅምት አንድ አጥንት ምን? ይበላል? ያስፈልጋል? ይጣፍጣል? ይበቃል? አባባሉ ዝም ይላል። ባዶውን የሚሞላው ሰሚው ነው። አብዛኞቻችን «መብላት ነው!» ብለን ሞልተነዋል። እኔ አሁን «ይበቃል» ባይ ነኝ።

ከባልንጀራዬ ጋር ከአዲስ አበባ የወጣነው ሰኞ ከሰዓት ነው። ሐሳባችን አንኮበር ደርሰን መመለስ ነበር። መንገዱ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ወቅት ብዙ ሰው ፀደይ ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፣ የአበባ ወቅት። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ የሚመጣው የበልግ ጊዜ ነው። ጥቅምት እንግዲህ የመፀው የመጀመሪያው ሙሉ ወር መሆኑ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት፣ በሰማይ በታየው ብርሃን የተሰየመች ከተማ ናት። በእኛ ጊዜ ደግሞ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። ሌሊቱን በሁለት ብርድ ልብስ ተኝተን ሲነጋ፣ ፋብሪካው ለምን እዚህ እንደተተከለ የሚያስረዳን ሰው አላስፈለገንም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ደመና የለም። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። የባጃጅ ሹፌሮች መስታወታቸውን በጨርቅ ይፈትጋሉ። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በአማርኛ እንዲህ ያለውን ብርድ «አጥንት ሰርስሮ የሚገባ» እንለዋለን። ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ ከሆነ መድኃኒቱም አጥንት መሆኑ የሚገርም አይደለም።

ቁርስ ቤቷ ቆርቆሮ ለበስ ናት። በሯ ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት። ባለቤቷ ነጠላቸውን አደግድገው ድስቱን ያማስላሉ።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ምን አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ። ግቡ፣ ግቡ፣ ብርዱን አታስገቡት። ፍርፍር አለ፣ ቅንጬ አለ፣ እንቁላል አለ። ቅቅልም ደርሷል።»

ባልንጀራዬ «ጥብስ የለም?» አለ።

«ጥብስ ለምሳ ነው ልጄ። አሁን ብርዱን ነው ማባረር።»

ቅቅሉ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን መጣ። እስኪ ቀረብ ብላችሁ እዩት። መረቁ በእርድ ወርቅማ ቢጫ ሆኗል። ከላይ የቅቤው ክብ ክብ ዓይን ይንሳፈፋል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከእንፋሎቱ ጋር አፍንጫ ላይ ይደርሳል። ከመሐል የተሰነጠቀ ቃሪያ አንድ ጎኑን ተኝቷል። መሐል ላይ ደግሞ አንድ የበግ አጥንት፣ ትንሽ ሥጋ የያዘ። ቅልጥም ነው። ጎኑ ላይ ገብስና ጤፍ የተደባለቀበት እንጀራ። በርበሬ የለውም፣ አልጫ ነው። ድስቱ የተጣደው ማታ ነበር። ሌሊቱን በረመጥ ላይ ቀስ እያለ ሲንተከተክ አድሯል።

ባልንጀራዬ ሳህኑን አየና «አንድ አጥንት ብቻ?» አለ።

እትዬ ሳቁ። «ታዲያ ‹በጥቅምት አንድ አጥንት› አይደል የሚባለው? አንድ ይበቃል። ኃይሉ ያለው መረቁ ላይ ነው።»

«እንዴ እትዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል እኮ።»

«የሚያጣላው ጉርሻ ነው። አጥንት አያጣላም።» ይህን ብለው ጭልፋቸውን አነሱና ሳህናችን ላይ መረቅ ጨመሩ። «ይኼ ምርቃት ነው» አሉ። መረቅና ምርቃት በፊደል እንዴት እንደሚቀራረቡ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። መረቁን መረቁልን ማለት ነው።

እኔም እዚያው ተቀምጬ አባባሉን ቃል በቃል መሰንጠር ጀመርኩ። ሥጋ አላለም፣ አጥንት አለ። ጮማ አላለም። ሙክት አላለም። ብዙም አላለም፣ አንድ አለ። ድግስ ለማለት ቢፈልግ ኖሮ አማርኛ ቃል አያጣም፤ የሥጋ ቃላችን ብዛቱ ይታወቃል። ሥጋ አንዴ ተበልቶ ያልቃል። አጥንት ግን ድስት ውስጥ ገብቶ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። መረቁ ለአዛውንቱ፣ መረቁ የነካው እንጀራ ለልጆቹ። እናቴ ቅልጥሙን በዘነዘና ቀስ አድርጋ ትሰነጥቅና መቅኔውን ለመጨረሻው ልጅ ትሰጥ ነበር። እኛ ሌሎቹ አጥንቱን እንቀባበላለን። ሲደርሰን ባዶ ነው፣ ግን ሽታው አለ። ደስ ብሎን ነበር የምንቀባበለው።

እንግዲህ ወደ አመጣጡ። ተረትና ምሳሌ የተናጋሪው ስም አይጻፍበትም። የመጣበትን የሚናገረው ኑሮው ነው። የዚህን አባባል ኑሮ ደግሞ ከደጋ ውጭ መፈለግ አያስፈልግም።

ለምን በጥቅምት? ብርዱ እኮ በኅዳርና በታኅሣሥ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አንዱ መልስ ያለው ጾሙ ጋ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ሥጋም ቅቤም የለም። ጥቅምት ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻው ሙሉ የፍስክ ወር ነው። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቢዘልቅም የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሚጾመው ይጾማል፣ የማይጾመውም አይወቀስም። ከኋላ ስናየው ደግሞ መስከረም እንቁጣጣሽና መስቀል አለበት፤ ቅርጫው፣ በጉ፣ ዶሮው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ጥቅምት ግን እንደነዚያ በየቤቱ የሚታረድበት በዓል የለውም። ብርድ አለ፣ ሰበብ የለም። አባባሉ ሰበቡን ሰጠ ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ሣሩ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የዘነበው ዝናብ መስኩን አልብሶታል። ከብቱም በጉም ክረምቱን ለምለም ሲግጥ ከርሟል። በበጋ መጨረሻ የከሳ በግ አጥንት ቢቀቀል ውኃ ነው። የጥቅምት በግ አጥንት መቅኔው ሙሉ ነው። የመንዝን በግ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ላታም፣ ጸጉሩ የተንዠረገገ ነው። ጸጉሩ ተፈትሎ ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እና በርኖስ ይሠራበታል። አንድ እንስሳ የደጋን ሰው ከውጭ በጸጉሩ፣ ከውስጥ በአጥንቱ ያሞቃል። ለእኔ ከቅቅሉ በላይ የከነከነኝ ይህ ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት አንኮበር ላይ ነው፣ በማግስቱ፣ ረቡዕ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረ ተራራ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚያ ሆነው ገዝተዋል። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ተቀምጠውበታል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲቆሙ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ እየተደረመሰ ይወርዳል። በታች በኩል አልዩ አምባ አለ። ድሮ ከባሕር በኩል የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት ጨውን የሚያራግፍበት ገበያ ነበር። የዚያን ጊዜ የደገኛ ድስት ጨውን የሚያገኘው በዚህ ዳገት ወጥቶለት ነው።

ረቡዕ ስለሆነ አጥንት የለም። ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ቁርሳችን ቅንጬ በዘይት ሆነ፣ ከጦስኝ ሻይ ጋር። ገብሱ ተከክቶ እህሉ እህሉ ላይ ሳይጣበቅ የበሰለ፣ ጥርስ ላይ ትንሽ የሚነክስ። ጎናችን የተቀመጡ አባት በሶ በጥብጠው ይጠጡ ነበር። «ጭብጦም አለ፣ በሞቴ ቅመሱ» ብለው ቆርሰው ሰጡን። ቁርስ የሚለው ቃል ራሱ ከመቁረስ የመጣ ነው፤ ከሙሉው ላይ ቆርሶ መቅመስ። ከማያውቁት ሰው እጅ ቆርሶ መብላት ቃሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

በመስኮቱ የሚታየው ማሳ ሁሉ ገብስ ነው። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወደ ቢጫ እያለ ነው። «አዝመራው ያማረ ነው አባባ» አልኳቸው።

«ተመስገን። ግን ገና ነው ልጄ። የአምናው አለቀ፣ የዘንድሮው አልደረሰ። ጥቅምት እንደዚህ ነው።»

አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ጥቅምት ሜዳው የሚያምርበት፣ ጎተራው ግን የሚጎድልበት ወር ነው። እኛ ከከተማ የምንሄድ ሰዎች አበባውን እናያለን፣ ፎቶ እናነሳለን። ባለማሳው የሚያየው የቀረውን ሳምንት ነው። አባባሉ ውስጥ ያለውን «አንድ» እንደገና የሰማሁት እዚህ ላይ ነው። ብርዱ ጨክኗል፣ እህሉ አልደረሰም፣ ጾሙ እየመጣ ነው። አንድ አጥንት ድስት ውስጥ ይግባና አዝመራው እስኪገባ ያድርሰን። ትርጉሙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ከተማ ላይ የምንጠቀምበት መንገድ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ቋንቋ ከሰው ጋር ከተማ ይገባል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ዛሬ «ና እንገናኝ» ማለት ከሆነ እሰየው ነው። የማዝነው ግን «አንድ» የምትለዋ ቃል ስትዋጥ ነው። በአንድ ሰው ገበታ ላይ ኪሎ ሥጋ አስቀምጦ ይህን አባባል መጥቀስ ቃሉን መበደል ነው። ጥቅምት ላይ የምትጠሩት ሰው ካለ አንድ ቀን እንኳ አጥንት ገዝታችሁ ቀቅሉ። ማታ ጥዳችሁት እደሩ። ጠዋት ጎረቤታችሁን ጥሩ። የዚያን ጊዜ አባባሉ የሚናገረው ነገር ይሰማል።

ሐሙስ ጠዋት ስንመለስ ደብረ ብርሃን ላይ መኪናዋን ያቆመው ባልንጀራዬ ነው። ውርጩ ገና አልቀለጠም ነበር። መጋረጃውን ገልጦ ገባና ምን አለ ብሎ አልጠየቀም።

«እትዬ፣ አንድ አጥንት» አለ።

እትዬም ጭልፋቸውን አነሱ።