የተከማቸ እህልን አየር ማናፈስ ምንድን ነው?

በሲሎ (ረጅም የእህል ማከማቻ ጎተራ) ወይም በመጋዘን በተከመረ እህል ውስጥ በማራገቢያ ቀስ ያለ አየር እያሳለፉ የክምሩን ሙቀት ዝቅና እኩል ማድረግ ነው። ማድረቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማቀዝቀዝ ለአንድ ቶን እህል በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ሊትር አየር ይበቃል፤ ለማድረቅ ግን ከ15 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ 18 በመቶ እርጥበት ያለው በቆሎ አስገብቶ «ማራገቢያው ያደርቀዋል» ማለት ለሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው። ለብዙ ወራት የሚቀመጥ በቆሎ ወይም ስንዴ ሲገባ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል።

ታዲያ ደርቆ የገባው ለምን ይበላሻል? እህል ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ብርድ ሲመጣ ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ግን እንደሞቀ ይቆያል። ሞቃቱ አየር በመሃል ሽቅብ ይወጣና የቀዘቀዘው አናት ላይ ሲደርስ የተሸከመውን እርጥበት እዚያው ያራግፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አናቱ ይረጥባል፣ ይሻግታል፣ ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል። ነቀዝም ከ25 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ሙቀት በፍጥነት ይራባል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን መራባቱ ከሞላ ጎደል ይቆማል።

አየሩ ክምሩን በአንዴ አያቀዘቅዝም። ከታች ከተነፋ ቅዝቃዜው ከታች ጀምሮ ንብርብር በንብርብር ወደ ላይ ይሄዳል፤ በቶን 2 ሊትር ፍጥነት አናቱን ለማለፍ 150 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱን በቀዝቃዛ ሌሊቶች ከፋፍሎ መጨረስ ይቻላል፤ መንገድ ላይ ለሳምንታት ከተተወ ግን በሞቃቱና በቀዝቃዛው መካከል እርጥብ ቀጠና ይቀራል። የውጪው አየር ከእህሉ ቢያንስ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ማስነሳት፣ በዝናብና በጉም ጊዜ ማቆም ነው። ማራገቢያው ሲጠፋ አፉ ይከደን፤ አለዚያ ነፋስ ራሱ እርጥብ አየር ያስገባል።

ስባሪና ብናኝ ከማስገቢያው ቱቦ ሥር፣ መሃል ላይ ይከማቻል። አየሩ እሱን ዞሮ ስለሚያልፍ ሙቀት መጀመሪያ የሚነሣው እዚያ ነው። ሲሎው ሲሞላ ጉብ ያለው አናት ተገልብጦ እስኪጎደጉድ ድረስ ከታች እያፈሰሱ ማውጣትና ላዩን ማስተካከል ነው መፍትሔው።

ክትትሉ በብርድ በየሁለት ሳምንቱ፣ በሙቀት በየሳምንቱ ይሁን። ጫፉ ላይ ቴርሞሜትር ያለው ዘንግ አንድ ሜትር ያህል አስገብቶ 15 ደቂቃ መጠበቅና ቁጥሩን በየቦታው መመዝገብ ያስፈልጋል። ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን እዩ፤ አየሩ እየቀዘቀዘ አንድ ቦታ ብቻ በ3 ዲግሪ ከጨመረ እዚያ የሚተነፍስ ነገር፣ ማለትም ነቀዝ ወይም ሻጋታ፣ አለ። የሙቀት ገመድ (በክምሩ ውስጥ የሚንጠለጠል፣ ሙቀት መለኪያዎች ያሉት ገመድ) ግን ግማሽ ሜትር ርቆ የሞቀውን ላያየው ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይቀድመዋል፦ ከአናቱ ባለው ባዶ ቦታ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ600 በላይ ከሆነ ብልሽት እየጀመረ ነው፣ ከ1500 ካለፈ ሥር ሰዷል። ማራገቢያው ሲነሣ መጀመሪያ የሚወጣውን አየር ማሽተትም አይናቅ።

ሙቀት ከተነሣ አየሩ ምንም ይሁን ምን ማራገቢያው ይሥራ፤ ካልበረደ ክምሩን ማውጣት ግድ ነው። ቅርፊቱን ለመስበር ግን ማንም ላዩ ላይ አይውጣ፤ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ሰው በሰከንዶች ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።