የሄሊኮፕተር ጥናት ምንድን ነው?

ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ሄሊኮፕተር ቀርቶ አይሱዙም መንገድ ይጠፋበታል። የዚህ ጥናት ስም ግን የወጣው ከመጓጓዣው ሳይሆን ከአመሉ ነው።

ከሀብታም አገር ተመራማሪዎች ከች ይላሉ። መረጃ ሰብስበው ይሄዳሉ። ውጭ አገር ያሳትማሉ። መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለሰው፣ ዳገት ቁልቁለቱን የወጣ የወረደው የአገር ልጅ ስሙ «እናመሰግናለን» ከሚለው ስር ይወሸቃል። እሱም ትዝ ካላቸው ነው።

ጥናቱ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ሲሆን ግን ጣጣው ከስም ያልፋል። ሰው ሊያስደበድብ ይችላል።

መንዝ ውስጥ አንድ ቤት እናስብ። ጠያቂዋ ታብሌቷን ይዛ መደብ ላይ ተቀምጣለች። «ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?» ብላ ጠይቃ መልስ ስትጠብቅ፣ የሴትዮዋ አማት ወንፊት ሊዋሱ ዘው አሉ። የሠለጠነች ጠያቂ ወዲያው «ትንሹ ልጅ ክትባቱን ጨረሰ?» ትላለች። ወሬ መቀየሩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የደኅንነት መመሪያ ውስጥ ያለ ነው። ጥናቱም ለመንደሩ «የጥቃት ጥናት» ተብሎ አይነገርም። «የሴቶች ጤና» ይባላል። ይህን ለማወቅ ደግሞ አማት ሳታንኳኳ የምትገባበትን አገር ማወቅ ይጠይቃል። መጠይቁ ሲረቀቅ የአገሬው ተመራማሪ ከሌለ ይህን ማን ያስታውሳል?

ሌላ ዓይነት ሽርክናም አለ። ቡታጅራ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት የኢትዮጵያው መረጃ የተሰበሰበው እዚያው ነው። ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ያውቃል።

ወደ እኛ ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ከደረሰ ወዲህ፣ ደብረ ብርሃንም በተፈናቃይ ከሞላች በኋላ፣ ጠያቂ ጠፍቶ አያውቅም። በጦርነትና በመሰለው አስቸኳይ ሁኔታ ስለሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ግን ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ሕክምናና ድጋፍ በቦታው ይኑር ይላል። መረጃው ሌላ ቦታ ካለም ደግመህ አትጠይቅ። እኔ ከፕሮፖዛል መጀመሪያ የማየው በጀቱን ነው፤ ለጉዞ ስንት፣ ለምክር አገልግሎት ስንት?

ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ ጠያቂዋ እዚሁ ትቀራለች። ቅዳሜ ገበያ ላይ ያቺ ሴት እጇን ይዛ «ያ የነገርኩሽ ነገር ምን ሆነ?» ስትላት፣ ቆማ መልስ የምትፈልገው እሷ ናት።