በካሊፎርኒያ የመንገድ ደኅንነትና የንጹሕ መኪና ሕጎች፦ የሚወራውና እውነታው

በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ መሪ ጨብጠው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ግዛቲቱ አዲስ ሕግ ባወጣች ቁጥር ወሬው ከሕጉ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። አንዳንዱ በከንቱ ያስደነግጣል፣ አንዳንዱ ለቅጣት ይዳርጋል።

«ከ2035 በኋላ የቤንዚን መኪና መንዳት ክልክል ነው»

ፈጽሞ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የጸደቀው ደንብ የሚመለከተው አዲስ መኪና ለገበያ የሚያቀርቡ አምራቾችን ነው። በእጅዎ ያለውን መንዳትም ሆነ መሸጥ፣ ያገለገለ መግዛትም አልተከለከለም። ደንቡ ራሱም ፍርድ ቤት ደርሷል፦ የፌዴራሉ ምክር ቤት ካሊፎርኒያ ደንቡን እንድታስፈጽም የተሰጣትን የፌዴራል ፈቃድ የሚሽር ውሳኔ በግንቦት ወር 2025 አሳልፎ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሰኔ ፈርመውበታል፣ ካሊፎርኒያም ወዲያው ከሳለች። በወሬ ተሸብሮ ደኅና መኪናን በርካሽ የሚሸጥ ሰው ያሳዝነኛል።

«የኡበርና የሊፍት አሽከርካሪ ኤሌክትሪክ መኪና ካልገዛ ሕግ ይጥሳል»

በ2018 የወጣው ሕግ ግዴታውን የጣለው በኩባንያዎቹ ላይ ነው። በ2030 መኪኖቹ ከሚጓዙት ማይል 90 በመቶው በኤሌክትሪክ እንዲሆን ይጠበቅባቸዋል። ጫናው ወደ አሽከርካሪው ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ኩባንያው ምን ድጋፍ እንደሚሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪና ካለኝ ብቻዬንም ብሆን ብዙ ሰው ለጫኑ መኪኖች በተለየው መስመር እሄዳለሁ»

ያ መብት መስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቷል።

«የፍጥነት ካሜራ መንጃ ፈቃድ ያስነጥቃል»

በ2023 የወጣው ሕግ ለስድስት ከተሞች የፈቀደው ካሜራ የሚያነሣው የኋላ ሰሌዳን እንጂ ፊትን አይደለም። ከተፈቀደው ፍጥነት ከ11 እስከ 15 ማይል ያለፈ 50 ዶላር ይከፍላል፤ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ግን የጥፋት ነጥብ አይያዝበትም። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ቅናሽ መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ባለማወቅ ሙሉውን መክፈል አይገባም።

«የመንገዱ ጠርዝ ቀይ ካልተቀባ መኪና ማቆም ይቻላል»

ከሁሉ አብልጬ እንዲታረም የምመኘው ይህ ነው። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ፣ መኪና ወደ እግረኛ ማቋረጫ በሚመጣበት በኩል እስከ 20 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ያህል፣ መኪና ማቆም ያስቀጣል። ቀይ ቀለም ባይኖርም፣ ማቋረጫው በመስመር ባይሰመርም ያው ነው። ከማቋረጫው አጠገብ የቆመ ትልቅ መኪና ሕፃንን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ልጁ የሚመጣውን መኪና ለማየት ወደ መንገዱ መግባት አለበት፤ አሽከርካሪውም ልጁን የሚያየው ያን ጊዜ ነው፣ ፍሬን ለመያዝ ግን ዘግይቷል።

«መሪው ላይ ተቀምጬ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ደንበኛ እየጠበቅሁ ነው» ማለትም አያድንም። ሕጉ ሰው ያለበትንም የሌለበትንም መኪና እኩል ይመለከታል። ደንበኛው ስድስት ሜትር ተራምዶ ይምጣ።